ጭሮ ላይ የተፈታ ፍሪሲዮን

ፍሪሲዮኑን ያቃጠልኩት ከሚኤሶ ወደ ጭሮ ሽቅብ ስወጣ ነው። ከፊቴ የተጫነ ከባድ መኪና ይጎተታል፣ ከኋላዬ ሚኒባስ ጡሩምባውን ይነፋብኛል፤ እኔ ደግሞ ፍሬን እንደሌለው ሰው ፍሪሲዮኑን ግማሽ ድረስ ረግጬ መኪናዬን ዳገቱ ላይ አንጠለጥላለሁ። ግቢ ስደርስ ጎረቤቱ ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። በማግስቱ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው ንቅንቅ አይልም።

ክፉ ቀን ነበር የመረጠው። ለዓመታት የለመንኩት ዝውውር ያለቀው በዚያው ሰሞን ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ጭሮ ተመድቤ ስመጣ ልጄን አዳማ እህቴ ጋ ትቼው ነበር። አሁን አዳማ ሥራ ተገኘልኝ፣ ግን በተባለው ሰኞ ካልተገኘሁ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ልጄ ወሬውን ከሰማ ጀምሮ አልጋውን ለእኔ ለቅቆ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፎ መተኛት ጀምሯል። እህቴ ይህን በስልክ ስትነግረኝ ሻንጣዬን ማሰር ጀመርኩ።

የቤት አከራዬ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን በጅቡቲ መንገድ ላይ ጨርሰው፣ ሚስታቸውን ቀብረው፣ ግቢው በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ብቻ «ይሄ ኢንጀክተሩ ታሟል» ይላሉ። የእኔን ጉድ ሲሰሙ ብድግ አሉ።

«ጋራዥ ምን ሊሠራልሽ? ይጫወትብሻል። እዚሁ እንፈታዋለን፣ እኔ አለሁ አይደል?»

ያን ጊዜ «አይ አባባ፣ አይድከሙ» ማለት ነበረብኝ። ይሉኝታ ያዘኝና «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው።

መፍታቱማ ምን ይወጣለታል! መኪናውን በክሪክ አንስተው፣ እንጨት ደግፈው፣ ብሎኑን አንድ በአንድ እየነቀሉ ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን፣ መሬት አወረዱት። ፍሪሲዮኑ ነዶ አልቋል። ሞተሩ ላይ የሚታሰረው ከባዱ ክብ ብረት፣ ቮላኖ የሚሉት፣ በሙቀት ሰማያዊ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። አዲስ ፍሪሲዮንና ያገለገለ ግን ደህና ቮላኖ ከድሬዳዋ በሚያውቁት ሹፌር አስመጡልኝ። ግቢው ሁሉ «አባ ገና ጉልበት አላቸው» እያለ ሲያደንቅ እሳቸው በኩራት ቁመታቸው ጨመረ።

ቮላኖውም ታሰረ። ችግሩ የመጣው ፍሪሲዮኑ ላይ ነው። የፍሪሲዮኑ ዲስክ ከመጥበቁ በፊት ልክ መሀል ላይ መቀመጥ አለበት፤ ትንሽ ከሸሸ የካምቢዮው ዘንግ አይገባም። አልገባም። በየማለዳው ከመኪናው ሥር ይገባሉ፣ ብረት ሲመታ ይሰማል፣ ከዚያ አቧራቸውን እያራገፉ ወጥተው በኦሮምኛ «ቦሩ» ይሉኛል፣ «ነገ ኢንሻአላህ»። ከምሳ በኋላ ጫታቸውን ይዘው ከጓደኞቻቸው ጋር ይቀመጣሉ፤ ያን ሰዓት በጭሮ ስለ ሥራ የሚያነሳ ሰው የለም። እኔ በታሰሩ ሻንጣዎች መሀል ቁጭ ብዬ ሆዱ የተዘረገፈ መኪናዬን አያለሁ። ቆሽቴ ያርራል።

በአውቶቡስ አትሄጂም ወይ የሚል አይጠፋም። መኪናዋ ከዚህ ሁሉ ዓመት የተረፈችኝ አንድ ነገር ናት። ጥያት ከሄድኩ ማን ያመጣልኛል?

አንድ ቀን ተደብቄ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ መካኒክ ሄድኩ። ጨዋ ሰው ነው፤ ነገሩን ጆሮውን ሰጥቶ ሰማኝና «ማን ፈታው?» አለኝ። ነገርኩት። ቁልፉን መሬት አስቀመጠ።

«እህቴ፣ አባ የፈቱትን እኔ እንዴት እነካለሁ? እሳቸው ራሳቸው ግባበት ካላሉኝ እጄን አላስገባም።»

ቀጥዬ የሄድኩበት ሌላ መካኒክም ያለኝ ይህንኑ ነው። በዚህ አገር መካኒክ ሌላው የፈታውን ሳያስፈቅድ አይነካም፣ ያውም የሽማግሌን። ንዴቴን ይዤ ተመለስኩ። ፈቺው እሳቸው፣ ገጣሚው እሳቸው፣ አከራዬም እሳቸው! ቀና ብዬ «አልቻሉም፣ ይተዉልኝ» እንዳልላቸው ደግሞ ያው ይሉኝታ አፌን ለጉሞታል። እግር ተወርች ታሰርኩ።

አርብ ጠዋት ካምቢዮውን ደግፌ ልያዝላቸው ብዬ አብሬያቸው ከመኪናው ሥር ተጋደምኩ። አጠገብ ለአጠገብ ሆነን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ብሎኑን ይዘው ቀዳዳውን ይፈልጋሉ። ቀዳዳው ፊት ለፊታቸው ወለል ብሎ ይታያል፤ የሳቸው ጣት ግን በባዶው ብረት ላይ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ዓይናቸው ካምቢዮው ላይ አልነበረም። የትም አልነበረም።

ጣታቸውን ይዤ ቀዳዳው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

«አየሽኝ» አሉ።

«አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ። ጥላ ጥላውን ነው የማየው። መፍታት በእጅ ይሆናል፣ ወላሂ። መግጠም ነው ዓይን የሚፈልገው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለሰው እንዳትናገሪ፣ ልጄ። ልጆቼ ከሰሙ ድሬ ይወስዱኛል፣ ይሄንን ግቢ ይሸጡታል። እዚህ እያንዳንዱን ድንጋይ በእግሬ አውቀዋለሁ። ድሬን የማውቀው የመኪና መሪ ጨብጬ ነው።»

አዘንኩላቸው ብል ውሸት ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ ዓይን ከሌለዎት የሰው መኪና ምን ቆርጦዎት ፈቱ ልላቸው አሰኘኝ። ሁለተኛ የተሰማኝ ፍርሃት ነው፤ አሁን መካኒክ ላምጣ ብል «አባ ለምን አቃታቸው?» መባሉ አይቀርም፣ ምስጢራቸውን ማውጣቴ ነው። «እኔ ዓይንዎ ልሁን» ብዬ ሞከርኩ። ማይክሮስኮፕ ላይ ሲያፈጥ የኖረ ዓይን ዲስኩ ወዴት እንደሸሸ አላጣውም፤ ግን ካምቢዮውን ተሸክሞ የሚያቀና ክንድ የለኝም፣ የሳቸውም ክንድ ዝሏል። ካምቢዮው አምልጦን ለጥቂት ደረቴን ሳተ። ሁለታችንም ተንጋለን እየተነፈስን መውጣት አቃተን።

ቅዳሜ ቆረጥኩ። ግቢው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ «አባባ፣ እኔ ነገ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። መኪናው እርስዎ ጋ ይቆይ፣ አይቸኩሉ፣ ሲያልቅ ይደውሉልኛል» አልኳቸው። ክብራቸውን የጠበቅኩላቸው መስሎኝ ነበር። መኪናዬንም በልቤ ተሰናብቻት ነበር።

ፊታቸው ጠቆረ።

«የሰው መኪና ፈትቼ መንገደኛ ላስቀር?» አሉ። «እኔ?»

ከዘራቸውን አንስተው በሩ ድረስ ሄዱና አላፊውን ሰው መናኸሪያው ጋ ያለውን መካኒክ ጥራልኝ ብለው ላኩት። መካኒኩ መጥቶ ራቅ ብሎ ቆመ። ጎረቤቶቹም ወጡ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው «ሴኒ» አሉት፣ ግባበት። መካኒኩ አመነታ። «አባ፣ እርስዎ እያሉ...» ሲል አቋረጡት።

«ኢጂ ኮ ሂን አርጉ።»

ዓይኔ አያይም። ለመካኒኩ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ነው ያሉት፣ ቀስ ብለው፣ ማንም አልሰማሁም እንዳይል። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እኔ የምገባበት አጣሁ።

መካኒኩና ጓደኛው የአስር ሶላት ሳይደርስ ገጥመው ጨረሱ። ፍሪሲዮኑ ለስልሶ፣ ማርሹ ያለ ድምፅ ይገባል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አላለኝም።

እሁድ ጠዋት ፍራሼን ስጭን ትልቁ ልጃቸው ከድሬዳዋ ደረሰ፤ ወሬው በስልክ ደርሶታል። እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ «አላህ ይስጥሽ፣ እህቴ» አለኝ። «እኛ እኮ ምንም አናውቅም ነበር። አንቺ ባትኖሪ አንድ ቀን መንገድ ላይ እናጣቸው ነበር።» ከልቡ ነው የሚያመሰግነኝ። ፍራሼን መጫኔን ቀጠልኩ።

አባቱ የተለመደው ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ልሰናበታቸው ጎንበስ ስል ግንባሬን ሳሙኝና መኪናውን አስነሺው አሉኝ። አስነሳሁት። አዳመጡት፣ ደህና ነው አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው ድሬ ያለው ቤቱ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ ጠየቁት።