ከልደታ እስከ በዓታ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠና ፕላስተር ለጠፍኩላት። በማግስቱ ሳነሳላት ያ ቀጭን የመላጥ ድምፅ ጆሮዬ ገባ፤ ፕላስተሩን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ። «እማዬ፣ ምነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ለእሷ መንገሩ ከብዶኝ ነው እንጂ ምንም አልነበረም ማለት አልችልም። ላንተ ልንገርህ።

እህቴ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ዐሥራ ሦስት። ኅዳር አንድ፣ የልደታ ዕለት ጠዋት፣ ድብ ባሕር በምትባለው መንደራችን፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ ስትጉመጠመጥ ውኃው በአፏ ጥግ ፈሰሰ። ቀና ስትል አፏ ወደ ግራ ዞሯል፤ ቀኝ ዓይኗም አልከደን ብሏል። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁባት። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እናቴ «መጋኛ ነው የመታት» ብላ በነጠላ ሸፋፍና መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ወሰደቻት። ሰውየው የተጨመቀ ቅጠል ሰጠንና «የዞረውን ጎን እሹ» አለን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ግራ ጉንጯን አሸን። ሽታው ያጥወለውላል፣ ቆዳ ይለበልባል። እሷ «ኧረ ይኼኛው ደኅና ነው» ትላለች፤ ማን ይስማት! የታመመው ቀኙ እንደሆነ፣ ግራው ጤነኛ በመሆኑ አፏን ወደ ራሱ እንደሳበው የገባን ኋላ ሐኪም ቤት ነው።

አባቴ ጎንደር ከተማ የሚያገለግል ቄስ ነበር፤ አራዳ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። የመድኃኒት አዋቂ ስም ሲነሳ እንኳ ደሙ ይፈላል። እናቴ አጨዳ ስለያዛት እህቴን ወደ እሱ የማደርሰው እኔ ሆንኩ። ማኪናው ላይ ስታሳፍረን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «መቼ ጀመራት ቢልሽ፣ በሚካኤል ነው በዪ። አደራሽን!» አለችኝ። ከልደታ እስከ ሚካኤል ዐሥራ አንድ ቀን ነው። ቀላል ነገር መሰለኝ።

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ክፍሏ አልኮል አልኮል ይሸታል፤ በመስኮቱ የገባው ፀሐይ እህቴ ፊት ላይ አርፏል። ቅንድብሽን አንሺ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ጥርስሽን አሳዪኝ አለቻት። ቀኙ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ መቼ እንደጀመራት ጠየቀች። አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«በሚካኤል» አልኩ።

«እንግዲያ ገና ሦስት ቀኑ ነው» አለ አባቴ። ሐኪሟ ፊቷ ፈካ። መድኃኒቱ በእነዚህ ቀኖች ሲጀመር እንደሚሻል፣ ልጆችም አብዛኞቹ እንደሚድኑ ነገረችን። «ከጀመራት አንስቶ በሦስት ሳምንት ውስጥ ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ፣ አባ፣ ተስፋዋ ትልቅ ነው። ካልሆነ ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል» አለች። ስትተኛ ዓይኗ እንዳይደርቅ ቅባት ቀብተን በፕላስተር እንድንዘጋው አሳየችን።

አባቴ በጣቱ ቆጠረና «በዓታ ላይ ይውላል፤ ታኅሣሥ ሦስት» አለ። እኔም በልቤ ቆጠርኩ። የእኔው የጽዮን ማርያም ማግስት፣ ኅዳር ሃያ ሁለት ላይ ዋለ።

አባቴ ክፍል ከረምን፤ ጠዋት ጠዋት ፕላስተሩን የማነሳላት እኔ ነበርኩ። «አንሺ» እላታለሁ። ግራ ቅንድቧ ይነሳል፤ ቀኙ እንደተኛ ነው። «ነገ ይነሳል» ትለኛለች፣ ታማሚዋ እሷ ሆና አጽናኟም እሷ። የጽዮን ማግስት መጥቶ አለፈ። አባቴ «ገና ዐሥራ አንድ ቀን አለን» ብሎ ስግደት ጨመረ፤ ከቅዳሴ ሲመለስ ጉልበቱን እያሻሸ ይቀመጣል። ቀኑ ማለፉን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ልነግረው አፌን ከፍቼ ስንቴ ዘጋሁ መሰለህ! እናቴን ፈራሁላት፤ ለራሴም ፈራሁ።

በበዓታ ዕለት ጥምጣሙን ሳያወልቅ ገባና እህቴን ብርሃን ላይ አቆማት። «እስቲ ልጄ፣ በሞቴ» አላት። ግንባሯ በግራ ተሸበሸበ፤ ቀኙ ልሙጥ እንደሆነ ቀረ። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። «መድኃኒቱስ በጊዜው ደርሶ ነበር። የጎደለው የኔ ጸሎት ነው» አለ።

ከወራት በኋላ ዓይኗ መከደን ጀመረ፤ ፈገግታዋ ግን እስከ ዛሬ ግማሽ ነው። ፎቶ ሲነሳ ፊቷን ታዞራለች። እውነቱን ተናግሬ ቢሆን ይለወጥ ነበር? ሌላ ሐኪም ጠይቄ «እሱን ማንም በእርግጠኝነት አይነግርሽም» አለኝ። ምናለ ቁርጡን በነገረኝ።

አምና አባቴ በጠና ሲታመም እህቴን ወደ አልጋው ጠራት። እናቴ በራስጌው፣ እኔ በግርጌው ቆመናል። «ልጄ፣ ጸሎቴ አልደረሰልሽምና ይቅር በዪኝ» አላት።

ያን ቀን ሐኪሟ ፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ «በሚካኤል» ስል የሰማችኝ፣ በልደታ መታመሟንም ከማናችንም በላይ የምታውቀው እህቴ ራሷ እንደነበረች ያኔ ገና ታወሰኝ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። በዚያ ክፍል ውስጥ እውነቱን የማያውቀው ይቅርታ የጠየቀው ሰው ብቻ ነበር።

እህቴ የአባቴን እጅ ሳመች። «ይቅር ብያለሁ፣ አባዬ» አለች። ስትናገር የምታየው ግን እኔን ነበር።