የአባቴ ቀኝ እጅ

ስደተኛ ሁሉ በሌሊት ሹልክ ብሎ ነው የሚወጣው ይባላል። እኔ ግን ጤዛው ገና ሳይረግፍ፣ ጠዋት፣ ቤት ሙሉ ሰው እያየኝ ነው የወጣሁ። ጉና ሥር ያለችው ቤታችን ያን ያህል ሰው መያዟን ያወቅሁትም ያን ቀን ነው። አባቴ መደቡ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ከዓመት በፊት ገብስ ሲያርም ወድቆ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ቀርቷል። ሰፈሩ ምች ነው አለ፣ ደብረ ታቦር ያለው ሐኪም ስትሮክ ነው አለ፣ እኛ ጠበሉንም ክኒኑንም ሞከርን።

ልመረቅ ተንበረከክሁ። አባቴ ከንፈሩን አነቃነቀ፣ እጁ ግን ከጉልበቱ ላይ ንቅንቅ አላለም። እናቴ ይኼን አይታ ቀኝ እጁን አነሳችና አናቴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል። እሷ ስትለቀው ሸርተት ብሎ በትከሻዬ ወረደ።

«በቃ፣ መርቆሻል» አለችኝ። አሜን ብዬ ተነሳሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሚኒባሱ ሐሙሲትን አልፎ ባሕር ዳር እስኪገባ ድረስ ሌላ ነገር አላሰብሁም። የመረቀችኝ እናቴ ናት እንጂ አባቴ አይደለም። ሰው በውሰት እጅ ተመርቆ እንዴት ባሕር ይሻገራል?

አዲስ አበባ ያለው የኤጀንሲ ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«በሽተኛ የመንከባከብ ልምድ አለሽ?»

«አባቴን አስታምሜያለሁ።»

«እሱ ልምድ አይባልም፣ ግዴታሽ ነው። ወረቀት አለሽ?»

«አባቴ ወረቀት አይሰጥም።»

«እንግዲያው ልምድ የላትም» አለና ማኅተሙን ደቅ አደረገው።

ቤይሩት ደረስሁ። ወገኖቼ፣ ሙቀቱን ተዉት። እኛ በሐምሌ ጋቢ ደርበን እሳት ስንከብ፣ እዚህ ሰው ልብሱ ከገላው እየተጣበቀበት ይውላል። ኹብዝ የሚሉት ቂጣቸው ሲያዩት እንጀራ ይመስላል፣ ዓይን ግን የለውም፣ ወጥ አይዝም። ድንችም አለ። ግን ረመጥ ውስጥ ተዳፍኖ ቆዳው የሚሰነጠቀው፣ ሲፈረክሱት እንደ ዱቄት የሚበተነው የጉና ድንች የት ተገኝቶ። አንዳንድ ጠዋት ባሕሩ ላይ ጉም ሲተኛ ጉና ይመስለኝና ብርድ ብርድ ይለኛል። ደስ የሚል ብርድ ነው።

አሠሪዬ ማዳም በመጀመሪያው ቀን «እናንተ አገር ሽማግሌ አለ?» አለችኝ፣ ሁላችን በልጅነታችን የምናልቅ መስሏት። አለ እንጂ፣ ጋብቻውንም እርቁንም የያዙት እነሱ ናቸው ልላት አሰብሁ። አረብኛዬ አልደርስ ብሎኝ «አለ፣ ብዙ» ብቻ አልኋት።

ሥራዬ የማዳምን እናት መንከባከብ ነበር። ቴታ ይሏቸዋል፣ አያት ማለታቸው ነው። እሳቸውም እንደ አባቴ ቀኝ ጎናቸውን ስትሮክ መቷቸዋል። ሳያቸው ይኼንንስ እችልበታለሁ አልሁ። ሾርባቸውን አጎርሳለሁ፣ የልብሳቸውን ቁልፍ እቆልፋለሁ፣ ፀጉራቸውን አበጥራለሁ። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው እጁን ካነሳ የሚታማው ቤተሰቡ ነው። ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት እንኳ ሳያጎርስ አይወጣም።

እዚያው ሰፈር በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ እንደ ቴታ ያሉ ሰዎች ጠዋት ጠዋት የሚሰበሰቡበት ቦታ አለ። ስትሮክ የመታውም፣ እጁ የሚንቀጠቀጥበትም፣ ሲራመድ ሚዛን የሚስተውም እየመጣ ከጎረቤቶቹ ጋር ሰውነቱን ያለማምዳል። ኳስ ይወራወራሉ፣ ልብስ ያጣጥፋሉ፣ ባቄላ ይለቅማሉ። ባቄላ ለቀማውን ሳይ ሳቄ መጣ፤ እኛ ቤት ሥራ የሆነው እዚህ መድኃኒት ሆኖ። የምታሠራቸው ሪማ የምትባል ፊዚዮቴራፒስት ናት። ቴታ አንዲት ባቄላ ለማንሳት ጣታቸው ሲርገፈገፍ አላስቻለኝም፣ አንስቼ መዳፋቸው ላይ አደረግሁላቸው። ሪማ እጄን ቀብ አደረገችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየረዳኋቸው።»

«እየሰረቅሻቸው ነው። አንቺ ባነሳሽላቸው ቁጥር ያ እጅ ለካ አልፈለግም ብሎ ይተኛል። ቁጭ በይና እጅሽን ቂጥሽ ሥር አድርጊ።»

አደረግሁ። ቴታ ባቄላዋ ሁለት ጊዜ አመለጠቻቸው፣ በሦስተኛው ሳህኑ ውስጥ ጣሏትና ሳቁ። እኔ አለቀስሁ። ሪማ የደስታ መሰላት። እኔ ግን አባቴ ነው የታየኝ። ቤት ጎረቤት ሆነን፣ በፍቅር፣ እጁን አስተኛነው። ለሪማ ነገርኋት። «ዘግይቷል፣ እንደ ድሮው አይሆንም» አለች። «ግን ይሞክር።»

ደብረ ታቦር ባጃጅ የሚነዳው ወንድሜ ደሴ እሑድ እሑድ ስልኩን ይዞ ወደ ቤት ይወጣል። ደወልሁ።

«እማ፣ አባን አታጉርሱት። በራሱ ይብላ።»

«ባሕር ማዶ ሄደሽ የተማርሽው ይኼን ነው?» አለች። «እኔ ቁሜ ሳለሁ ባሌ ወጥ ደረቱ ላይ ሲያፈስ ጎረቤት ይይ?»

«እጁ ይልመድ ብዬ እኮ ነው።»

«ሽማግሌ ምን ይለምዳል» ብላ ስልኩን ለደሴ መለሰችለት።

ሦስት እሑድ አኮረፈችኝ። እናቴ እምቢ የማትለው አንድ ሰው ቢኖር የነፍስ አባታችን መምሬ ታምሩ ናቸው፤ በደሴ ስልክ እሳቸውን አማላጅ ያዝሁ። መምሬ ሁሉን ሰምተው «እኔ የማውቀው መስቀሉን ነው፣ በዚያው እሞክራለሁ» አሉ።

የሆነውን የነገረኝ ደሴ ነው። ወትሮ መምሬ ሲመጡ መስቀሉን አባቴ ከንፈር ድረስ ወስደው ነበር የሚያሳልሙት። ያን ቀን ግን ስንዝር ያህል ራቅ አድርገው ያዙት። እናቴ ራሱን ልትደግፍለት ስትል «ተይው፣ መስቀሉ የትም አይሄድ፣ እሱ ይምጣ» አሏት። አባቴ አንገቱን አስግጎ ደረሰበት። በሳምንቱ ጨመር አድርገው አራቁት። ሰንብቶ ወገቡ ዘንበል ማለት ጀመረ፣ ሰንብቶ ጣቱ መስቀሉን ፈለገ። ጎረቤቱም ይኼን አይቶ ማጉረሱን ተወና የቆሎውን ሰፌድ ራቅ አድርጎ ያስቀምጥለት ጀመር። አባቴ አንድ አንድ እያለ ይለቅማል። እናቴ ብቻ ሲያፈስ ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች አለኝ።

ያለፈው እሑድ በኢሞ ቪዲዮ ደወሉልኝ። ወጥ ቤት ዕቃ እያጠብሁ ነበር። የአባቴ ፊት ስልኩን ሞላው። ከስቷል፣ ጢሙ ነጭ ሆኗል።

«አባ፣ እጅህ እንዴት ነው?»

ወደ ታች አየ። ከታች የሆነ ነገር እየተንቀጠቀጠ ተነሳና ወደቀ። እናቴ ልትደርስለት ስትል ደሴ «ተይው እማ» ሲላት ሰማሁ። እንደገና ተነሳ። ከዚያ ስክሪኑ ድርግም አለ።

«ደሴ? ኔትወርኩ ሄደ?»

«አልሄደም» አለ ደሴ። «እጁ ነው። ስልኩ ላይ ጭኖታል።»

ከጨለማው ውስጥ የአባቴ ድምፅ ተጎተተ። «ለአገርሽ ያብቃሽ» አለኝ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ ጎንበስ አልሁና አናቴን አስነካሁት። ሞቅ ብሎ ነበር። ማዳም ከሳሎን ስሜን ትጠራለች። እሱ እጁን እስኪያነሳ ድረስ አልተነሳሁም።