ለራስ ምታት ኦክስጅን?

ዛሬ ከሰዓት እዚህ መቱ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ታላቅ ወንድሜ ግንባሩን ከግድግዳ ጋር ሲያጋጭ አየሁት።

ጋሼ ታደሰ ኡካ ያዮ ከተማ አስተማሪ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ግራ ዓይኑን በጋለ ብረት የሚወጉት ያህል ያመዋል። ዓይኑ ያነባል፣ አፍንጫው ይደፈናል።

ጥርስ ነው ብለውት ሁለት አስነቅሏል። ጤነኛ ጥርሶች ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

«ማሎ ጋሼ፣ እባክዎ ቁጭ ይበሉ» አለችው ነርሷ።

«ቁጭ ካልኩ እሞታለሁ!» ብሎ ጮኸባት። ጋሼ በሰው ላይ ጮኾ አያውቅም።

ሐኪሙ እንዳየው ኦክስጅን አዘዘለት።

«ዶክተር፣ ራሱን አመመው እንጂ መተንፈስ እኮ አላቃተውም» አልኩት።

«ለዚህ ዓይነቱ ራስ ምታት መድኃኒቱ እሱ ነው» አለኝ።

ጭንብሉን አጠለቁለት። ቁጭ ብድግ ማለቱን አልተወም፤ እኔም ከበር እስከ መስኮት እመላለሳለሁ። ሩብ ሰዓት ገደማ ሲሆን ግን ትከሻው ረገብ አለ። ጭንብሉን ገለጥ አድርጎ «ሄደ» አለኝና አለቀሰ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ኦክስጅኑ የጀመረውን ሕመም ያቆማል እንጂ የነገውን አያስቀርም አሉን። መከላከያ ክኒን ጀምሯል፣ ግን እስኪሠራ ቀናት ይፈልጋል። እስከዚያ እኔ ጋ ይሰነብታል፤ ሲነሳበት ወደ ሆስፒታል እንሮጣለን።

ይህ ሕመም ያለበት ቤተሰብ ያላችሁ፣ ኦክስጅን ቤታችሁ ማስቀመጥ ችላችኋል? በመቱም በያዮም ያላችሁ ያያችሁትን ጻፉልኝ። ጋሼ አጠገቤ እንቅልፍ ወስዶታል፤ እኔ ስልኬን ይዤ እየጠበቅኳችሁ ነው።