በከድር ዘይት ላይ የሰጠሁት ፍርድ

ይህን ነገር እስካለፈው ወር ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ኃጢአቴን ስዘረዝር ቁጣዬን ነግሬያቸዋለሁ፣ ጠጄን ነግሬያቸዋለሁ፣ የወጣትነቴን ጉድ ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን ዘልዬው አልፋለሁ። ሃያ ዓመት ዘለልኩት። ለምን? ሰው የገደለ ሰው ሬሳው ይጮኽበታል። እኔ የገደልኩት ስም ነው። ስም ደግሞ ሬሳ የለውም፤ ማንም መጥቶ "ይህን ማን አደረገው?" ብሎ አይጠይቅም።

ደምሴ እባላለሁ፤ የምኖረው ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ነው። መካኒክነትን ማንም አላስተማረኝም። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ሞተር ፈታትቼ ጆንያ ላይ ዘርግቼ፣ የትኛው ከየት እንደወጣ በጭንቅላቴ ብቻ ይዤ፣ መልሼ ገጥሜ አስነሥቻለሁ። ትልልቅ ጋራዦች "አይሆንም" ብለው የመለሱት መኪና ከእኔ ግቢ ተሠርቶ ወጥቷል። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ደግሞም ይህ ካልገባችሁ ጥፋቴ አይገባችሁም።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ሸማ ተራ የሚነግድ ታደሰ የሚባል ጎረቤቴ ከአንድ የውጭ ድርጅት በጨረታ ፒክ አፕ ገዛ። ክላች የሌለው፣ ማርሹን ራሱ የሚቀይር። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ መኪና በሰፈራችን ብርቅ ነበር። መካኒኮቹ "አውቶማቲክ ካምቢዮ አንነካም" አሉት። እኔ ነካሁት። የተበላሸው የካምቢዮውን ዘይት የምታበርደው፣ ከራዲያተሩ ፊት የምትቀመጠው ትንሽ ማቀዝቀዣ ነበረች። ተሰንጥቃ ዘይት ታንጠባጥባለች። "ይህቺን በግማሽ ቀን፣ እዚሁ ግቢዬ ውስጥ እቀይራታለሁ" አልኩት። ምናለሽ ተራን ዞሬ ልኳን አገኘሁ። ዘይቱን ታደሰ ከከድር ገዝቶ አመጣ። ከድር ከመንገዳችን ዳር የመኪና ዘይት የሚቸረችር፣ ከቡታጅራ የመጣ ጸጥ ያለ ሰው ነበር።

ማቀዝቀዣዋ ሁለት ቱቦ አላት። በአንዱ ትኩሱ ዘይት ይገባል፤ በሌላው ቀዝቅዞ ወደ ካምቢዮው ይመለሳል። ቱቦዎቹን ስፈታ ዘይቱ እንዳይፈስ፣ አቧራም እንዳይገባ ከአሮጌ ነጠላ ቀድጄ የሁለቱንም አፍ በጨርቅ ወተፍኩ። ስንገጥም ማውጣት ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም።

ግን ቅዳሜ ነበርና ሰው ተሰብስቦ ነበር። አንዱ ጎረቤት "ጋሼ ደምሴ፣ ካምቢዮም ትኩሳት ይይዘዋል እንዴ? ዳማከሴ ብናስሸትተውስ!" አለና ሁሉም ሳቀ። ያንን ሳቅ ወደ አድናቆት መለወጥ ነበረብኝ። ካቻቢቴዬን እንደ መምህር ዘንግ ይዤ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ዘይቱ በየት እንደሚገባ፣ በየት እንደሚወጣ፣ ይህን የሚያውቅ በከተማው ስንት ሰው እንዳለ። አፌ ይህን ሲያወራ እጄ አንደኛውን ጨርቅ አወጣ። ሁለተኛውን ረሳው። ቱቦውን ከነጨርቁ ገጥሜ አጠበቅሁት። ዘይቱን ሞላሁ፣ መኪናው ሰፈሩን ዞሮ መጣ፣ ተጨበጨበልኝ።

በሦስተኛው ቀን ታደሰ ሸማ ጭኖ ወደ ጅማ ጉዞ ጀመረ። የግቤን ዳገት ሲያያዘው ካምቢዮው ተቃጠለ። መኪናው ተጎትቶ ግቢዬ ገባ። ታደሰ እጁን ሊታጠብ ወደ ቤት ሲገባ እኔ ብቻዬን የመመለሻውን ቱቦ ፈታሁ። ጨርቁ እዚያው ነበር፤ ጠቁሮ፣ አሮ። በፒንሳ ስቤ አወጣሁትና ኪሴ ከተትኩት።

ልድገመው፤ ኪሴ ከተትኩት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሠራሁት ስሕተት ነው፤ ስሕተት ማንም ይሠራል። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ስሕተት አይባልም።

ታደሰ ተመልሶ "ምን ሆኖ ነው ጋሼ?" ሲለኝ አፌ ሳልልከው ሄደ። "ዘይቱ ነው፤ የተቀላቀለ ዘይት ነው የሸጠልህ" አልኩ። ቅቤ ከሙዝ፣ በርበሬ ከሸክላ ተቀላቀለ ሲባል የኖረ የመርካቶ ሰው፣ ዘይት ተቀላቀለ ቢሉት ለምን ይገርመዋል? ማንም "በምን አወቅህ?" አላለኝም። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሱቅ ለሱቅ ዞረ።

ከድር ሽማግሌ ላከ። እሑድ ታደሰ ቤት ሦስት ሽማግሎች ተቀመጡ። ታደሰ "ካሳ አልፈልግም፤ መኪናዬን ማን እንዳበላሸው ብቻ ልወቅ" አለ። ከድር ከዚያው በርሜል የቀዳውን ዘይት በጠርሙስ ይዞ መጥቶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ወደ እኔ ዞረ።

"ወላሂ፣ እኔ ምንም አልጨመርኩበትም። ግን እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ዘይት የሚያውቁት እርስዎ ነዎት ጋሼ። እዚሁ ይዩልኝ። ንጹሕ ነው ካሉ ይመርቁኝ። አይደለም ካሉም ከዛሬ ወዲያ አልሸጥም።"

አያችሁ? ከሳሹ እኔ፣ ተከሳሽ መሆን የነበረብኝም እኔ፣ ዳኛ ሆኜ የተመረጥኩትም እኔ። የመረጠኝ ደግሞ ከድር ራሱ፣ አምኖኝ። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንሥቼ አየሁት፤ ቀይ፣ ጥርት ያለ። በሁለት ጣቴ አሸሁት። አሸተትኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዘይት የያዝኩት ጥቂት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ምን ይቀርብኝ ነበር? አንድ ጭብጨባ። ለአንድ ጭብጨባ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁና "ተቀላቅሏል" አልኩ።

ከድር አልተከራከረም። "እርስዎ ካሉማ..." አለና ጠርሙሱን አንሥቶ ወጣ። በሳምንቱ የዘይት ሱቁን ዘግቶ ፕላስቲክ ጫማ መሸጥ ጀመረ።

እኔስ? እኔማ ከበርኩ። "የጋሼ ደምሴ አፍንጫ አይሳሳትም" ተባለ። ሾፌሮች ከአውቶቡስ ተራ ድረስ ዘይት በጠርሙስ እያመጡ ያስሸትቱኝ ጀመር። ከዚያ በኋላ የፈረድኩት ሁሉ ልክ ነበር፤ ይህን ማንም አይክደኝም። የዋሸሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ክብሬ ሁሉ የቆመው ግን በዚያች አንዷ ላይ ነበር።

ባለፈው ወር አንድ የታክሲ ሾፌር ጠርሙስ ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ ብቻ ተቀላቅሏል ይበሉኝ፤ ሰውየውን ጉድ አፈላበታለሁ" አለኝ። አሸተትኩት። "ንጹሕ ነው" አልኩት። እየተነጫነጨ ሄደ። ይህን ማለት እንዲህ ቀላል ነበር? በማግስቱ ከድር ሱቅ ሄድኩ።

ሁሉን ነገርኩት፤ ጨርቁን፣ ኪሴን፣ በመስኮቱ ብርሃን ያየሁትን። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፦

"ነስሩስ?"

ነስሩ የአጎቱ ልጅ ነው፤ የዘይቱን በርሜል ያከፋፍለው የነበረ። ለካ ከድር የእኔን ቃል ከራሱ ዘመድ ቃል አብልጦ አምኖ፣ "አንተ ነህ ቀላቅለህ የሰጠኸኝ" ብሎ ነስሩን በቤተ ዘመድ ፊት ሌባ ብሎታል። ከዚያ ወዲህ ሰላም አይባባሉም። ለአረፋ አገር ቤት ሲገቡ እንኳ አንዱ የገባበትን ቤት ሌላው አይረግጥም። ይህን አላውቅም ነበር። አለማወቄ ያድነኛል? አያድነኝም።

ከድር በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘጋ። "ይነሡ ጋሼ፣ አብነት ሰፈር ነስሩ ሱቅ እንሄዳለን። መጀመሪያ እርስዎ ይነግሩታል፤ ከዚያ እኔ እግሩ ላይ እወድቃለሁ" አለኝ።

ነስሩ ሰምቶ ሲጨርስ ፊቴን ትክ ብሎ አየው። "ሃያ ዓመት ያጣላን አፍንጫ ይሄ ነው?" አለ። "እኔማ ትልቅ መስሎኝ ነበር!"

ከድር ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ዞረና ለመውደቅ ጎንበስ ሲል ነስሩ ከመሬት ሳይደርስ ያዘው። ሁለት ሽበታም ሰዎች በጀሪካን መሐል ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔ ካርቶን ላይ ተቀምጬ አያቸው ነበር። ማፈር ነበረብኝ፤ አፍሬያለሁም። ግን ልዋሽ አልችልም፤ ከእፍረቱ እፎይታው በለጠ። ትንፋሼ እስከ ሆዴ ድረስ ገባ። ይህን ያህል ዓመት በግማሽ ደረቴ ስተነፍስ መኖሬን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሦስቱ ሽማግሎች ሞተዋል። ታደሰም አርፏል። ውሸቴን የሰሙት ሲሄዱ ውሸቱ ከአፍ ወደ አፍ እየዞረ ቀርቷል። የምጽፈው ስለዚህ ነው። ከድር ዘይት ይቀላቅል ነበር ሲባል የሰማችሁ ካላችሁ፣ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያልኩትም እያወቅሁ፣ ዋሽቼ ነው። ለነገራችሁ ሰው ንገሩት። ስለተሰበሰበው ሰውና ስለ ሳቁ የጻፍኩት እንዴት እንደሆነ እንድታውቁ እንጂ ለማመካኘት አይደለም። እጄ ቢረሳ ይረሳል። አፌ ግን አልረሳም።

ከአብነት ስንመለስ ከድር ክንዴን ይዞ አስፋልቱን አሻገረኝ። ማዶ ስንደርስ "ይቅር በለኝ" አልኩት።

"እሱን ለእኔ ይተዉት ጋሼ" አለኝ።

ትቼለታለሁ።