የመጨረሻው ጀሪካን

በፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ በምትገኝ አንዲት ቆርቆሮ ክዳን ቤት ሳሎን ውስጥ ባሕር አለ። ከመስታወት የተሠራ፣ አንድ ክንድ ተኩል የሚረዝም ገንዳ ነው። በውስጡ ዘጠኝ ቀንድ አውጣዎች፣ ሁለት ትንንሽ ዓሦችና አንድ ሸርጣን ይኖሩ ነበር። ሸርጣኑ የራሱ ቅርፊት ስለሌለው የሞተ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ ገብቶ፣ እሱን ተሸክሞ ይዞራል። የቤቱ ልጅ እንዳለው ስም ሲያወጣለት «ተከራዩ» አለው።

እንዳለው የወይዘሮ እንቁ አንድያ ልጅ፣ ከጅቡቲ ቡሬ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በየወሩ ከባሕሩ ዳር ሁለት ጀሪካን ውሃ ቀድቶ ያመጣላት ነበር። ባለፈው ነሐሴ ግን መኪናው በአፋር በረሃ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ሞተሩ እየሠራና በሩ እንደተከፈተ ተገኘ። እሱ አልነበረም። ደምም ሆነ የእግር ዱካ አልታየም።

አራት ወር አለፈ። አባቱ አቶ እጅጉ ለቅሶ መቀመጥ፣ ተዝካሩንም ማውጣት ፈለጉ።

«ልጄን እንደ ሰው ላልቅሰው፣ አንቺ እንቁ! ጎረቤት ባየኝ ቁጥር የሚለው ጠፍቶት አንገቱን ይደፋል።»

«እሱ ያመጣቸው ፍጥረታት በሕይወት ሳሉ በዚህ ግቢ ድንኳን አይተከልም» አለች እንቁ። «የመጨረሻዋ ስትሞት ግን አልከለክልዎትም።»

ቃል ከአፍ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቁ ለገንዳው አደረች። ጧት ጧት እንዳለው የተወላትን ሰማያዊ ደብተር ከፍታ ታነባለች። «የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው ይቀራል። የጎደለውን በንጹሕ ውሃ ሙዪ እንጂ ጨው አትጨምሪ» ይላል። በመስታወቱ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ልባስ ለቀንድ አውጣዎቹ ሲያንስባቸው፣ የተቀቀለ የጎመን ቅጠል በድንጋይ አስራ ታወርድላቸዋለች። መብራት ሲጠፋ የአየር መንፊያውን ከባትሪ ጋር ታገናኛለች። «መዳብ ዓሣው ይችለዋል፤ ቀንድ አውጣና ሸርጣን ግን አይችሉትም» የሚለውን ካነበበች ወዲህ ደግሞ፣ ለቁርጥማት ያሰረችውን የመዳብ አምባር ሳታወልቅ እጇን ወደ ውሃው ሰዳ አታውቅም።

ያስቸገራት ንጹሑ ውሃ ነበር። የቧንቧው ክሎሪን ይሸታል። በመጨረሻ መላ አገኘች፦ ቡሬ ዳርቻ ወይኒቱ የምትባል አረቄ አውጪ አለች። ወይኒቱ ጌሾ ነክቶት በማያውቅ እንስራ ውሃ ታፈላላትና፣ እንፋሎቱ በቀርከሃ መቃ አልፎ ጠብ ጠብ እያለ ይጠራቀማል።

«እትየ እንቁ፣ ሰው አረቄ ፍለጋ ይመጣል፤ እርስዎ ውሃ!» ትላለች ወይኒቱ እየሳቀች። «ደንበኞቼ አዩዎት፤ አረቄሽን በውሃ ትበርዣለሽ ብለው ሊያሙኝ ነው።»

«ቀምሰው ይፍረዱ በያቸው።»

እስከ ሚያዝያ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። በአንድ እሑድ ቀትር ላይ ግን፣ እንቁ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቤቱ ከወትሮው ይልቅ ዝም ብሎባት ደጃፉ ላይ ቆመች። ዘጠኙም ቀንድ አውጣዎች ከውሃው ወጥተው፣ በመስታወቱ አንድ ጎን፣ ወደ በሩ በሚያየው በኩል ተሰልፈዋል። አይንቀሳቀሱም። ከታቻቸው ዓሦቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ይዋኛሉ።

አቶ እጅጉ ከኋላዋ መጥተው አዩ። «ምንን ነው የሚሸሹት?» አሉ በዝግታ።

እንቁ አምባሯን አወለቀች። አንድ በአንድ ወደ ውሃው ትመልሳቸዋለች፤ እነሱም አንድ በአንድ ይወጣሉ። በአራት ቀን ውስጥ አምስቱ ወደቁ። እያንዳንዷን አሽትታ፣ መሞቷን አረጋግጣ፣ ውሃውን ሳታበላሽ ታወጣለች። በአምስተኛው ቀን ተከራዩ ቅርፊቱን ጥሎ ወጣ። ለስላሳ፣ የገረጣ ገላው እርቃኑን ከድንጋይ ሥር ተሸጉጧል። ባዶው ቅርፊት አፉን ከፍቶ አሸዋው ላይ ተቀምጧል። አቶ እጅጉ እሱን አዩና ፊታቸውን አዞሩ። በሩ ተከፍቶ የቆመውን መኪና እንዳሰቡ እንቁ ዐወቀች። ጋቢያቸውን አጣፍተው ስለ ድንኳኑ ሊነጋገሩ ወደ እድሩ ዳኛ ሄዱ።

እሷም ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ቡሬ ወረደች።

«እንኳን መጡ! ሁሌ ከደጅ ተቀብለው እየሄዱ አላዩልኝም» አለቻት ወይኒቱ። «መቃው ቢሰነጠቅብኝ ይኸውና አዲስ ገዛሁ። ከፍሪጅ ጠጋኙ። እንደ ወርቅ ያበራ የለ?»

እንቁ ተጠጋች። ከእንስራው አንገት እስከ መቀበያው የተጠማዘዘ ቀይ የመዳብ ቱቦ ነበር። ውሃው በሚንጠባጠብበት ጫፉ ላይ አረንጓዴ ዝገት ክብ ሠርቷል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሁዳዴ እኩሌታ። ምነው እትየ፣ ምን አጠፋሁ?»

«አንቺማ ምን አጠፋሽ። አምባሬን እያወለቅሁ መዳብ ያፈሰስኩባቸው እኔ ነኝ።»

ወይኒቱ ሌላ መቃ አስቆርጣ ልትገጥም ቃል ገባች፤ ነገር ግን አዲስ ውሃ በገንዳው ያለውን መዳብ አያወጣውም። ግማሹ ተቀድቶ በንጹሕ የባሕር ውሃ መተካት አለበት። የባሕር ውሃ የሚገኘው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፦ ከእንቁ አልጋ ሥር።

እንዳለው ለመጨረሻ ጊዜ ቤት ሲመጣ ያመጣው፣ ያልተከፈተ ጀሪካን ነው። ክዳኑን በሽቦ ያሰረው እሱ ነው፤ የእጁ ግራሶ እስካሁን አልጠፋም። እንቁ አንዳንድ ጊዜ አውጥታ ትነቀንቀውና ውሃው ሲንቦጫቦጭ ታዳምጣለች። ልጇ የሞላው፣ ያልተነካ ነገር እሱ ብቻ ነበር የቀራት።

ሽቦውን ፈታች። የሚሸት ነገር ይወጣል ብላ ፈርታ ነበር፤ የወጣው የልጇ ሸሚዝ ሽታ ነው፦ ጨውና ናፍጣ። አየር ነፋችበት፣ የጨው መለኪያውን አየች፣ ገንዳውን እስከ ግማሽ ቀድታ ዝግ እያለች አፈሰሰችው።

ጀሪካኑ ሊያልቅ ሲል ከውስጡ አንዳች ነገር ቀጭ አለ። ነጭ፣ ባለ ቡናማ መስመር፣ ባዶ ቅርፊት ነበር። ከውሃው ጋር ወርዶ አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ ጧት አቶ እጅጉ ከእድሩ ቤት የሚመጣውን የወንበር ቁጥር ሊነግሯት ገቡና ወደ ገንዳው ጎንበስ አሉ። ነጩ ቅርፊት በመስታወቱ ሥር እየተራመደ ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር።

«ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ከጀሪካኑ ነው። ተከራዩ ገባበት።»

«ስምንት ወር ስትነቀንቂው ሰምቼሻለሁ። የውሃ እንጂ የሌላ ነገር ድምፅ አልነበረውም።»

«እኔም አልሰማሁም» አለች እንቁ።

ከአራቱ ቀንድ አውጣዎች ሦስቱ ወደ ውሃው ወርደዋል። አራተኛዋ ገና እላይ ናት። አቶ እጅጉ ወንበር ስበው ከገንዳው ፊት ተቀመጡ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡና ለእድሩ ዳኛ ደወሉ።

«ድንኳኑ ይቆይ» አሉ። ስልኩን ዘግተው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ይህ ውሃ ስንት ወር ይበቃል?»

ተከራዩ በአዲሱ ቤቱ ውስጥ ሆኖ፣ ፊቱን ወደ ተከፈተው በር አድርጎ ቆሟል።