ከአጎበሩ ውጭ

ጋዲሴን በደንብ አውቃታለሁ ማለት አልችልም። አዳማ ገበያው ዳር ተቀምጣ ከቆቃ የሚመጣ ዓሣ እየበለተች ትሸጣለች፤ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እገዛታለሁ። የማውቀው ቢላዋዋ እየሠራ ያወራችኝን ያህል ነው። እሱንም በትክክል ይዤው እንደሆነ እንጃ።

ተወልዳ ያደገችው ቆቃ ሐይቅ ዳር ነው። በልጅነቷ ወባ በየዓመቱ ትጥላት ነበር፤ እያደር ግን ቀለለቻት። አንድ ቀን ራስ ምታት፣ ትንሽ ብርድ፣ ከዚያ ወደ ሥራ። ባሏ አስፋው ግን ደገኛ ነው። የውሃ ፓምፕ ሊጠግን ከመንዝ በወረደበት ዓመት ወባ ይዛው ከሞት ለጥቂት ነው የተረፈው።

ተጋብተው የመጀመሪያውን ስታረግዝ ቤታቸው ውስጥ የነበረው አንድ ጠባብ አልጋና አንድ አጎበር ነው። ሙቀቱና ሆዷ አላስተኛ ሲላት ሰሌን አንጥፋ በሩ አጠገብ መተኛት ጀመረች። አስፋው አጎበሩን ፈቶ ለእሷ ሊሰቅልላት ተነሳ።

«ተው አንተ ደገኛ» አለችው። «እኔን ወባ ከልጅነቴ ጀምራ ስትቀምሰኝ ኖራ ሰልችቻታለሁ። አንተን ካገኘች ግን ሰርግ ነው የምትደግሰው።»

ሳቀና ተመልሶ ተኛ።

ክረምቱ እንደወጣ ትንሽ በረዳት። እንደ ወትሮዋ ናቀችው። ብርዱ ግን ሰነበተ፣ ባሰ፤ ልጅቷም ጊዜዋ ሳይደርስ ሞታ ተወለደች። ጋዲሴ በትኩሳት ራሷን ስታ ስለነበር አላየቻትም። ያያትም የቀበራትም አስፋው ነው።

አዋላጇ ነገሩን ያስረዳቻት ከዳነች በኋላ ነው።

«ሰውነትሽ ወባን ለምዷል፤ አልተሳሳትሽም» አለቻት። «የእንግዴ ልጁ ግን ለሰውነትሽ አዲስ ቤት ነው። ወባዋ እዚያ ገብታ ትሸሸጋለች፤ የለመድሽው መከላከያ ያንን በር ገና አያውቀውም። በሚቀጥለው እርግዝና ትንሽ ያውቀዋል። ቢሆንም ከአጎበር ውጭ እንዳታድሪ።»

ከዚያ ሊዲ፣ ቀጥሎ ኤባ ተወለዱ፤ ሁለቱም ደህና። ሁለቱንም ስታረግዝ ያደረችው አጎበር ውስጥ ነው። በልቧ የያዘችው ግን ሌላ ነው። «ሰውነቴ የተማረው በመጀመሪያዋ ልጄ ነው» ትላለች። «እነዚህ በእሷ ነው የተረፉት።»

አዳማ ከገቡም ወዲህ አጎበሩን ማታ ማታ የሚዘረጋው አስፋው ነው። መጀመሪያ ፍራሹ ሥር የሚጠቀጥቀው በእሷ በኩል ያለውን ጠርዝ ነው። ስለ ሞተችው ልጅ ግን አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም።

«ሊዲ ስትተኛ ቁጭ ብዬ አያታለሁ» አለችኝ ባለፈው ቅዳሜ፣ ቅርፊቱን እየፋቀች። «አፍንጫዋ የአባቷ ነው፣ ግንባሯ የእናቴ። የዚያችስ? እላለሁ። ጸጉር ነበራት? ቀይ ነበረች? መልኳን ከሰው ሁሉ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አጠገቤ ነው የሚያድር፤ መልኳ ግን እሱ ጋ ነው፣ እቴ። በሕልሜ እንኳ ስትመጣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው።»

ዝም ብዬ መሄድ ከበደኝ።

«ለምን አትጠይቂውም?» አልኳት።

ቢላዋዋ ቆመ። ዓሣውን በፌስታል ጠቅልላ አፉን ቋጠረችው፤ ፈታችና መልሳ ቋጠረችው።

«ለቅዳሜ አምባዛም ይመጣልኛል» አለችና ከኋላዬ ወደቆመችው ደንበኛ ቀና አለች።