በክብሪት ቀፎ የላክሁት

መጀመሪያ ሆዱን ቆረጠው። በደርግ ጊዜ ነው፣ ቆቦ። የልጆቼ አባት እንድሪስ የቀበሌ ጸሐፊ ነበር። የበላሁት ነገር ነው ብሎ ናቀው። በማግስቱ ተቅማጥ ሆነ። ከዚያ ንፍጥ። ከዚያ ደም።

ልንገራችሁ፣ ያስጠላል። ዝንቡ ከፖፖው ተነስቶ ከንፈሩ ላይ ያርፋል። ፖፖውን ይዤ ስወጣ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ደጅ ደርሼ አስታውካለሁ፤ አፌን ጠርጌ እመለሳለሁ። ባልም ቢሆን ይቀፋል።

ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው እምቢ አለ። ጸሐፊው ሱሪው ላይ ቀዘነ ይሉኛል አለ። ከሁሉ በላይ ለታደሰ እንዳልናገር አስማለኝ። ታደሰ ጎብዬ ክሊኒክ የሚሠራ የጤና ረዳት ነው፤ ወልድያ ክበብ ቼዝ ሲጫወቱ ነው የተዋወቁት። ተራርቀውም አልተዉትም። አንዱ ተራው ሲደርስ አካሄዱን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ፣ ባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ከቶ፣ በአውቶቡስ ሾፌር ይልካል። ንጉሡ ከወረደ ቆየ፣ እናንተ ገና ንጉሥ ታሳድዳላችሁ እያልኩ አሾፍባቸው ነበር።

ዓይኑ ጎደጎደ። ሽንቱ ቆመ። በዚህም መሐል የፈረሱን አካሄድ ጽፎ፣ ቀፎውን ለሾፌሩ አድርሺ አለኝ።

ዓይኑን ሲከድን ወረቀቱን አውጥቼ ጉያዬ ከተትኩ። ከፖፖው በእንጨት ቆንጥሬ ቀፎው ውስጥ አስገባሁ። በላስቲክ ጠቀለልኩ። ለሾፌሩ ሰጠሁት። ላልናገር ነው የማልኩት፤ ላልልክ አልማልኩም።

ታደሰ ከሰዓት በጭነት መኪና መጣ። በሩ ላይ አፍንጫውን ይዞ ቆመ።

«እንድሪስ፣ ይኼን አካሄድ የቼዝ ደንብ አያውቀውም።»

ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ታደሰ ወደኔ ዞሮ ድምፁን ቀነሰ።

«በማይክሮስኮፕ አየሁት እህቴ። አሜባ ነው። አሁን የሚገድለው ግን የሰውነቱ ውሃ ማለቁ ነው።»

ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን የአሜባ መድኃኒት ሰጠው። ጨውና ስኳር በፈላ ውሃ በጥብጠሽ፣ ሲቀዘቅዝ በማንኪያ አጠጪው አለኝ። አጠጣሁት። አስመለሰ። አጠጣሁት። በማግስቱ ሸና። በሰው ሽንት እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ መጀመሪያ አጥሚት ፉት እያለ፣ ኋላም ግድግዳ ተደግፎ ደጅ እየወጣ፣ ሲጠና ደግሞ እኔን በኩርፊያ እየቀጣ ሰው ሆነ፤ ያችን የፈረስ ወረቀትም ከጉያዬ አውጥቼ ላክሁለትና ጨዋታው ቀጠለ፣ ታደሰ ግን ከቆቦ የመጣ ቀፎን ሁሉ ክንዱን ዘርግቶ፣ ፊቱን አዙሮ እንደሚከፍት ሾፌሩ ነገረኝ።

አልሐምዱሊላህ፤ ታደሰንም ደግ ያሰማው። እናንተም ደም የሚያስቀምጠው ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ማፈሩን ለሱ ተዉለት። ውሃ አጠጡት፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ያንን አስቀያሚ ነገር ለሐኪም አሳዩ። እኔ ዛሬም ሳስበው ያቅለሸልሸኛል። እሱ ግን ይኸው አጠገቤ ተቀምጦ፣ ለሰው ሁሉ ለምን ታወሪያለሽ እያለ ይቆጣኛል።